የሊቀመንበሩ ውሃ

«ዛሬም አፉን ከውሃ በላይ እንዳወጣ ነው?» አለ አባት ከሳሎኑ ወዲያኛው ጥግ። ወደ ገንዳው እንዳይጠጋ ስለተከለከለ አንገቱን ከማስገግ በቀር ምርጫ አልነበረውም።

«ዛሬም» አለች ሳሙና።

ሊቀመንበሩ ሆዳም ብርቱካናማ ዓሣ ነው፤ ሌሎቹ ዓሦች መንገድ ይለቁለታል። አሁን ግን ውሃው የተበጠበጠ ኖራ መስሎ እሱም እንደማንም ላይ ወጥቶ አየር ይጎርሳል። ሳሙና ደግሞ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት። ንጹሕ ማንኪያ እንኳ በድጋሚ ሳታጥብ ስለማትበላበት ቅጽል ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው። የዓሦቹ ባለቤትም እሱ ነው። ለሥራ ሌላ ከተማ ሲሄድ «ምግብ በቁንጥር ስጪ፤ ማጣሪያውን ግን እንዳትነኪ» ብሎ አደራ ጥሎባት ነበር።

አልነካም ብላ ነበር፤ ግን ከፍታ አየችው። በውስጡ ያለው ስፖንጅ ቡናማና ሙልጭልጭ ያለ ነበር። የቤታቸው ዓሣ ውሃው በዚህ ጉድ እየተጣራለት መኖሩ አንገበገባት። በበረኪና ፈትጋ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ አዲስ አስመስላ መለሰችው። ውሃው ሲደፈርስ ደግሞ ሁሉንም ደፍታ በቧንቧ ውሃ ሞላችው። ይባስ ብሎ ነጣ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አክስት «ብርድ ነው የመታቸው» ብላ ገንዳውን በብርድ ልብስ ጠቀለለችው። በመጨረሻ ወንድሟ ጋ ተደወለና ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተደረገ።

«ማጣሪያውን ነካሽው እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም» አለች ሳሙና። አፏ ቀደማት።

«እንግዲያው ምግብ በዝቶባቸዋል። ማነው የሚያበላቸው?»

አባት ጉሮሮውን ጠረገ። «ትንሽ የዳቦ ፍርፋሪ… ጠዋት ጠዋት ብቻ። ቁርስ ስበላ ሊቀመንበሩ ዓይን ዓይኔን እያየ ሆዴን አባባው።»

እናት ያን ዕለት ያልተናገረችው የለም። አባት ከነሻይ ብርጭቆው ወደ ጥግ ተባረረ። ሳሙና እፎይ አለች፤ እፎይታው ግን ብዙም አልቆየላትም። ዳቦው ከቆመ በኋላም ዓሦቹ ከላይ አልወረዱም።

ዛሬ አባት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቢሞት ልጄን ምን እለዋለሁ?» ሲል ሰማችው። ስልኩን ይዛ መታጠቢያ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች።

«ስፖንጁን አጥቤዋለሁ» አለች ወንድሟ ገና ሄሎ ሳይል።

«በምን?»

«በበረኪና።»

«አንዴ?»

«ሁለቴ። ሽታው አልለቅ ብሎኝ ነው።»

«አንቺ ልጅ» አለ ወንድሟ ተንፍሶ፣ «ቆሻሻ ያልሽው እኮ ሠራተኛው ነው። የዓሣውን ሽንት የሚበሉ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት እዚያ ነው። አንቺ ሰፈር ነው ያፈረስሽው። አሁን የሚተነፍሱት የገዛ ሽንታቸውን ነው።»

ማልቀስም መሳቅም መጣባት። እሱ ግን ቁጣውን ለሌላ ቀን አቆይቶ የሚደረገውን ነገራት። ምግብ ይቁም። የገንዳው ውሃ እየተቀነሰ፣ የቧንቧው መድኃኒት እንዲለቀው በባልዲ ባደረ ውሃ ይተካ። ጓደኛው ፀጉር አስተካካዩ ሱቁ ውስጥ ገንዳ ስላለው ከማጣሪያው ስፖንጅ ቆርጦ ይስጣት።

«እንዳታጥቢው ታዲያ።»

«ከነቆሻሻው?»

«ከነቆሻሻው።»

ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ፀጉሩን እንደተቆረጠ ትቶ ስፖንጁን በዚያው መቀስ ቆረጠላት። «ብዙ የተለፋበት ቆሻሻ ነው፤ እንዳይደርቅ» ብሎ ውሃ ባለበት ፌስታል ሰጣት። ታክሲ ውስጥ መጀመሪያ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላው ነበር። መኪናው መንገጫገጭ ሲጀምር ግን እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ አቀፈችው፤ አጠገቧ የተቀመጡት ሴትዮ አፍንጫቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ቤት እንደደረሰች ከገንዳው ውሃ ከፊሉን ቀንሳ ከትናንት ጀምሮ በባልዲ በተቀመጠው ውሃ ተካችው፤ ስፖንጁንም በባዶ እጇ ማጣሪያው ውስጥ ከተተችው። ቡናማ ደመና ብን ብሎ ወጣ። ልታጸዳው ቃጣት፤ ግን ተወችው። ከዚያ አባቷ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ያንተ ዳቦ አይደለም። ማጣሪያውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

እስከ መጨረሻው ሰማትና ወደ ማድ ቤቱ ገልመጥ አለ። እናት ዕቃ እያጠበች ነበር።

«ለእናትሽ ነግረሻታል?»

«ገና ነኝ።»

«ተይው እንግዲህ» አለ በሹክሹክታ። «እኔ እንደሆንኩ ቁጣዋን ለምጄዋለሁ። አንቺን ግን አትምርሽም።»

ሳሙና አባቷን አየችው፤ ከልቡ ነበር። እሺ ብትል ነገሩ እዚህ ያበቃል። ሊቀመንበሩ አሁንም አፉን ከፍቶ ከላይ ነው፤ ይድን አይድን ገና አልታወቀም።

«እማዬ» ብላ ተጣራች፣ «እጅሽን አድርቂና አንዴ ነይ እስቲ።»