ጎህ ሲቀድ የሚመታው ብሎን

መጀመሪያ ያዩት ወተት ይዘው ወደ ጅጅጋ የሚገቡ ሴቶች ናቸው። ከአውበሬ በሚመጣው መንገድ ዳር፣ ደረቁ ወንዝ አፋፍ ላይ፣ አንዲት ሰማያዊ መኪና የፊት ጎማዋን በክሪኮ አንስታ ቆማለች። አጠገቧ ባለቤቷ ማሃሙድ በጀርባው ተንጋሎ፣ ጭንቅላቱን ድንጋይ ላይ አስደግፎ ሰማይ ሰማይ ያያል። ቀኝ እጁ ሥር የጎማ መፍቻ ወድቋል። ሴቶቹ ውሃ ጥም የጣለው ሰው መስሏቸው ወተት ሊሰጡት ወርደው ነበር። ከዚያ በኋላ የጮኹት ጩኸት ሩቁ ደምበል ወረዳ ድረስ ተሰምቷል። አልተሰማም የሚል ካለ በዚያ ቀን ደምበል ያልነበረ ሰው ነው።

አስከሬኑ በዚያው ዕለት ታጥቦ፣ ተሰግዶበት ተቀበረ። ጉዳዩ ኢንስፔክተር አትጠገብ እጅ ሲገባ የቀራት ምስክር መኪናዋ ብቻ ነበረች።

አትጠገብን የማያውቅ ጅጅጋን አላውቃትም ቢል ይሻለዋል። አባቷ ወታደር ሆነው መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሷ በሶማሊኛ የምትቀልድ፣ በአማርኛ የምትቆጣ ሴት ናት። ውሸታም ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ «ተወው፣ ደርሼበታለሁ» ትላለች። አንድ ጊዜ የግመል ሌባ ማን እንደሆነ ግመሉን ጠይቃ ያዘች ይሏታል። እሷም አላስተባበለችም።

«ይሄ እንኳ ያለቀ ጉዳይ ነው» አላት የጣቢያው ኃላፊ። «ጎማ ሠሪው ፋኑኤል ብሎኑን አበላሸው። ማሃሙድ ሊፈታው ሲታገል መፍቻው አመለጠው፣ ወደ ኋላ ወደቀ፣ ድንጋይ ተቀበለው። ደግሞ ፋኑኤል ‹ይሄ ጎማ አንድ ቀን ይቀብርሃል!› ብሎ ሲዝትበት መንገድ ሙሉ ሰው ሰምቷል። አስረነዋል። ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል።»

«የፋኑኤል ሚስትስ?»

«በር ላይ ናት፤ ከጠዋት ጀምሮ።»

አትጠገብ በመስኮት አየች። ሔርሜላ መውለጃው የደረሰ ሆዷን በነጠላ ሸፍና፣ አቧራውን ከነፋስ ጋር እየጠጣች አጥሩ ሥር ቆማለች። በዚያ ሰሞን የጅጅጋ ነፋስ የቤት ጣሪያ ከነባለቤቱ ያነሳ ነበር። እሷን ግን አላነቃነቃትም።

«እስከ ነገ ጊዜ አለኝ ማለት ነው» አለች አትጠገብ።

መኪናዋ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ተጎትታ ቆማለች። አውሮፓ አርጅታ፣ በበርበራ በኩል የገባች መኪና ናት። ጎማዋን የሚይዙት አምስት ብሎኖች ናቸው። አራቱ ተፈትተው መሬት ላይ ነበር የተገኙት፤ አምስተኛው እስካሁን ቦታው ላይ ነው። ይህ አምስተኛው ሌባ ጎማ እንዳይሰርቅ ተብሎ ጭንቅላቱ ለብቻው የተቀረጸ፣ የራሱ ቁልፍ ካልገባበት የማይፈታ ብሎን ነው። አሁን ግን ጭንቅላቱ ተቀጥቅጦና ተልጦ ውሻ ያኘከው አጥንት መስሏል። በሟች እጅ ሥር በተገኘው መፍቻ ጫፍ ላይ የብሎኑ ቁልፍ ተሰክቷል።

አትጠገብ ቁልፉን ወደ ብርሃን አዙራ ውስጡን አየችው። ጥርሶቹ አልቀዋል። ከዚያ ወደ መኪናዋ ገባች። ከፊት መስታወቱ ላይ የተበጠሰ ክር ተንጠልጥሏል፤ ከወንበሩ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ የጎማ መንፊያ አለ። አቧራ እንኳ አልነካውም።

«ዩኒስ፣ ይህን ጎማ ንፋልኝ» አለችው ረዳቷን።

«ኢንስፔክተር፣ የተበሳ ጎማ እኮ ነው! ነፋሱን ለነፋስ መስጠት ነው።»

«ጅጅጋ ውስጥ ነፋስ ሞልቷል፤ አትቆጥብ።»

ዩኒስ እያጉረመረመ ነፋው። እሷ ወደ እስር ክፍሉ ሄደች።

ፋኑኤል ሲያያት ብድግ አለ። «እትዬ አትጠገብ፣ በማርያም ስሚኝ። ብሎኑን እኔ አላበላሸሁትም። ቁልፉ ጥርሱ አልቆ ነው የመጣው። አነስ ያለ መፍቻ በመዶሻ አጣብቄ ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። የቀረው ሌላ ብረት በብየዳ ላዩ ላይ አጣብቆ ማዞር ነው፤ ለሐሙስ ቀጠርኩት። ‹እስከዚያ ጎማው ከተነፈሰብህ ንፋው እንጂ እንዳትነካው› ብዬ መንፊያ ሰጠሁት።»

«‹ይቀብርሃል› ማለቱን ምን አመጣው?»

«አልሰማ ብሎኝ ነዋ! ቤቱ ገብቶ በየማለዳው ይቀጠቅጠዋል። ሰፈሩን አሳበደ። ግትር ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና።» ወደ በሩ አየ። «ሔርሜላ በር ላይ ናት አይደል? ቤት ግቢ በያት።»

«አንተው ትላታለህ» አለችና ወጣች።

የማሃሙድ ግቢ ከአባቱ የቀረ ሰፊ ግቢ ነው፤ አንድ ሆቴል ከነመኪና ማቆሚያው ያስገባል። ሰው ቢኖርበትም ሁሉም በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። በሩ አጠገብ መኪናዋ ትቆምበት የነበረው መሬት ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። በዚያ ላይ የሚረግጥ የለም፤ ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ይዞሩታል።

ዒፍራህ፣ የማሃሙድ ሚስት፣ ደጃፏ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ ተቀምጣለች። ከሚያነጋግራት ሰው ይልቅ ሌላ ነገር የምታዳምጥ ትመስላለች።

«ከመስጊድ ተመልሶ ጎህ ሲቀድ መዶሻውን ያነሳል» አለች። «ቋ… ቋ… ቋ። ስንት ጊዜ ‹አንተ ሰውዬ፣ ብረት ይደክመዋል ብለህ ነው?› አልኩት። አሁንም ይመታል፣ ኢንስፔክተር። ወላሂ ይመታል። ዛሬ ንጋት ላይ ሰምቼው ተነሳሁና ‹ማሃሙድ፣ ሻይ ቀርቧል› ብዬ ተጣራሁ። መሞቱ ትዝ ያለኝ ከዚያ በኋላ ነው።»

አትጠገብ ዘይት ወደጠጣው መሬት አየች። 

«መስታወቱ ላይ የነበረው ክር ምን አንጠልጥሎ ነበር?» አለች።

ዒፍራህ ሳታስበው ፈገግ አለች። «የብሎኑ ቁልፍ ነዋ። ‹ጥርስ የሌላት አያቴ› ይላት ነበር። ለምንም አትሆንም፤ እንዲሁ ለሳቅ ሰቅሏት ነው።»

ተከራዩ አቶ አድማሱ የቢሮ ጸሐፊ ናቸው። ከመኪናዋ ማቆሚያ የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው።

«ክፍሉን እንዲለቁ ማሃሙድ ነግሮዎት ነበር ይባላል» አለቻቸው።

«ነግሮኛል። ልገድለው ይገባል እንዴ ታዲያ? እንደዚያ ከሆነ ጅጅጋ ውስጥ አከራይ ባልተረፈ!» ካሉ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ በመንፈስ አላምንም፣ ኢንስፔክተር። ግን ጎህ ሲቀድ ትራሴን ጆሮዬ ላይ እጭናለሁ። በሕይወቱ ‹ጎረቤት ነን እኮ፣ ማሃሙድ!› ብዬ እጮህበት ነበር። አሁን ማን ላይ ልጩህ?» አማተቡ።

የማሃሙድ ታናሽ ወንድም ዐብዲናስር ከከብት ገበያ ሲመለስ በር ላይ አገኘችው። የግመል ደላላ ነው፤ በትሩን ትከሻው ላይ ጋድሞ፣ ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። ለቅሶው የእውነት ነበር። ያ ነው አትጠገብን የረበሻት።

«በዚያን ዕለትም ገበያ ነበርክ?»

«እኔ ከጎህ በፊት የከብት ገበያ ነኝ፤ ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ነው። ደላላ ከተኛ ግመሉ ራሱን በራሱ ይሸጣል።» ዓይኑን ጠረገ። «ወንድሜ አልተወኝም፣ ኢንስፔክተር። ማታ ማታ በር ላይ ጥሩምባ ይነፋል። እንደ ልማዱ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ልከፍትለት እሮጣለሁ፤ ማንም የለም።»

«ሌላስ ምን ትሰማለህ?»

«ሌላ ምን አለ? ጥሩምባው ብቻ ነው። ያ ጎማ ሠሪ ግን ዋጋውን ማግኘት አለበት።»

አትጠገብ ነጠላዋን ከነፋሱ ሰበሰበች። ከዚያ «ነገ ጠዋት ጣቢያ እንገናኝ፤ ሁላችሁም» አለች።

በማግስቱ ፍርድ ቤት ሳይከፈት ሁሉም በጣቢያው ግቢ ሰማያዊዋን መኪና ከበው ቆሙ። ዒፍራህ፣ አቶ አድማሱ፣ ዐብዲናስር፣ የጣቢያው ኃላፊ አሉ። ሔርሜላም ከአጥሩ ውጪ አለች። ዩኒስ ፋኑኤልን አወጣው። አትጠገብ የእጁን ካቴና አስፈታችና መዶሻ ሰጠችው።

«ጎንበስ በልና ብሎኑን ምታው። እሱ እንደሚመታው።»

«ምን ያደርጋል…»

«ምታው አልኩህ።»

ቋ።

ነፋሱ ቆመ። ብዙ ሰው ይህን አያምንም፤ የጅጅጋ ነፋስ ቆሞ አያውቅም። ያን ጠዋት ግን ቆመ።

ቋ… ቋ።

ዒፍራህ አፏን በሻሿ ይዛ በጉልበቷ ወደቀች። አቶ አድማሱ ሁለት እጃቸውን ጆሯቸው ላይ ጭነው «እሱ ነው! እሱ ራሱ!» አሉ። ፋኑኤል ራሱ መዶሻውን ለቆ ወደ ኋላ ሸሸ።

ዐብዲናስር ብቻ አንዱንም ሌላውንም እያየ ቆመ። «ምንድን ነው?» አለ። «ምን ሆናችሁ?»

«እሱን ነው የፈለግሁት» አለች አትጠገብ ቀስ ብላ።

ጎማውን በእግሯ ገፋ አደረገችው። እንደ ድንጋይ ጠጥሯል።

«ይህን ጎማ ትናንት አስነፋሁት፤ አድሮም አልቀነሰም። አልተበሳም ነበር። አየሩን ያስወጣው የሰው እጅ ነው። ስለዚህ አደጋ አልነበረም፤ አደጋ እንዲመስል የፈለገ ሰው ነበር።»

የጣቢያው ኃላፊ ጉሮሮውን ጠረገ። እሷ አልጠበቀችውም።

«ያ ሰው አራቱን ብሎኖች ፈታ። ቁልፉን ከመስታወቱ ላይ በጥሶ መፍቻው ላይ ሰካና ማሃሙድ እጅ ሥር አኖረው። ‹አምስተኛውን ሲታገል ወደቀ› እንድንል። እኛም አልን! ግን ማሃሙድ ያ ቁልፍ የማይረባ መሆኑን ያውቃል፤ ለሳቅ ነው የሰቀለው። ጎማው በእርግጥ ቢተነፍስበት መንፊያ ይዟል፤ መንፊያው ከፌስታሉ አልወጣም። ይህን ጎማ ሜዳ ላይ ሊነቅል አራቱን ብሎን የሚፈታ ሰው፣ አምስተኛው እንደማይፈታ ያላወቀ ሰው ነው።»

ወደ ፋኑኤል ዞረች። «ፋኑኤል ከማንም በላይ ያውቃል። እሱ ቢሆን መንፊያውን ነበር አጠገቡ የሚያኖረው። ዒፍራህም ታውቃለች፤ በየማለዳው ተጣልታበታለች። አቶ አድማሱም ጮኸውበታል። ታዲያ አንድ ግቢ ውስጥ እያደረ ያላወቀ ማን ነው?»

ዐብዲናስር ፊት ሄዳ ቆመች።

«ሙት ሲመጣብን በምናውቀው ድምፅ ነው የሚመጣው። እነዚህ ሁለቱ መዶሻ ይሰማሉ። አንተ ጥሩምባ ትሰማለህ። መዶሻውን በሕይወቱ ሰምተኸው አታውቅማ፣ ዐብዲናስር። እሱ መምታት ሲጀምር አንተ ግመል ስታሻሽጥ ነበር።»

ዐብዲናስር የተቀጠቀጠውን ብሎን አየ። እጁን ዘርግቶ በጣቱ ጫፍ ዳሰሰው፤ እንደ ቁስል።

«በየማለዳው?» አለ።

«በየማለዳው» አለች ዒፍራህ ከመሬት ሳትነሳ። «ወንድምህ እኮ ነው። እንዴት ሳታውቅ?»

ያኔ መሬት ላይ ተቀመጠ። «መጥቶ ከገበያ ወሰደኝ። ‹አውበሬ ያሉ ዘመዶቻችን ይዳኙን› አለ። ግቢው ይሸጥ አልኩት፤ ሆቴል የሚሠራ ሰው አግኝቻለሁ አልኩት። መንገድ ላይ መኪናውን አቁሞ ‹የአባቴን ቤት አልሸጥም፣ እምቢ ካልክ ውረድ› አለኝ። ተያያዝን። ገፋሁት። ወላሂ፣ መግፋት ብቻ ነው የገፋሁት! ድንጋዩን አላየሁትም።»

«ከዚያስ ሰው ስለምን አልጠራህም?»

«ፈራሁ።»

«ፋኑኤል ሲታሰርስ?»

 ዩኒስ ይዞት ገባ።

ፋኑኤል ወደ አጥሩ ሮጠ። ሔርሜላ የሸሚዙን ክሳድ ይዛ አለቀቀችም። በኋላ ዒፍራህ ጠራችው።

«ሐሙስ ቀጥረኸው ነበር አይደል? ዛሬ ሐሙስ ነው። አውጣልኝ።»

የብየዳ ማሽኑን አስመጣ። የተበላው ጭንቅላት ላይ አንድ ቁራጭ ብረት አጣበቀ፤ ትንሽ አቀዝቅዞ መፍቻውን አስገባና ሙሉ ክብደቱን ጣለበት። ብሎኑ ሲላቀቅ ያወጣው ድምፅ አውበሬ ካለው የሼኹ መቃብር ሳይደርስ አልቀረም። አትጠገብ ገና ትኩስ እንደሆነ በጨርቅ ተቀብላ መሳቢያዋ ውስጥ ቆለፈችበት።

ቅዳሜ ጠዋት ዩኒስ ቢሮዋ በር ላይ ቆሞ ቆቡን ያሻል።

«ምን ሆንክ? ተናገር።»

«ዐብዲናስር ነው፣ ኢንስፔክተር። ጎህ ሲቀድ ይነሳና ጆሮውን ግድግዳው ላይ ይለጥፋል። ‹ማነው የሚቀጠቅጠው?› ይላል። ማንም የለም አልኩት። ብሎኑ ወጥቷል፣ መኪናዋም ተወስዳለች አልኩት።»

አትጠገብ እጇን መሳቢያው ላይ አሳረፈች። «እሱስ ምን አለህ?»

«‹ዝም በል፣ አሁን ገና መስማቴ ነው› አለኝ።»