የኦም ጊዲየን የመጨረሻ ዒላማ

ሬሳው የተገኘው ዒላማ ከሚሰቀልበት እንጨት ሥር ነው። አገሬው ‹ኦም›፣ አጎት፣ የሚላቸው ጊዲየን ማልኸርብ በግንባራቸው ተደፍተዋል፤ ቀይዋ ባንዲራ ከአናታቸው በላይ እንደተሰቀለች ናት፤ በቀኝ እጃቸው አንድ ወረቀት ጨብጠዋል። ቀይ ባንዲራ ከተሰቀለች ሜዳው ላይ ሰው አለ ማለት ነው፤ በክሊፕራንድ የተኩስ ክበብ ሰካራም እንኳ ይህን አይስትም። ስለዚህ አደጋ ነው ያለ ሰው አልነበረም። ከጆሯቸው ኋላ የገባችው የጥይት እርሳስ ከአተር አትበልጥም። ያቺው በደቡብ አፍሪካው ካሩ በረሃ ጥንቸሉም ጣሳውም የሚመታባት፣ ጠርዟ ሲነካ የምትፈነዳው ትንሿ ሃያ ሁለት ካሊበር ጥይት ናት።

ኢንስፔክተር ኖምፉንዶ ማጃሊ ከከተማ ስትደርስ ሳጅን ፉሪ ነገሩን ጨርሶ፣ ተጠርጣሪውንም መኪናው ውስጥ ቆልፎ ጠበቃት።

«ሥራ አላስተረፍኩልዎትም» አላት ሱሪውን ከፍ እያደረገ። «ሉቩዮ ሲንጾቶ ይባላል፤ በነፋስ የሚሠራ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። ትናንት ከሰዓት ሟቹን ሰው ፊት ሰደባቸው። ዛሬ የሁሉንም ጠመንጃ አሸተትኩ፤ የሱ ባሩድ ባሩድ ይሸታል፤ እሱ ግን አልተኮስኩም ይላል። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ቀለሆች በሙሉ የመታቸው የሱ ጠመንጃ መርፌ ነው። ጫፉ የተሸረፈ ስለሆነ ምልክቱ አይሳሳትም።»

«ስንት ቀለህ ነው?»

«አሥራ አምስት።»

«ለአንድ ሽማግሌ አሥራ አምስት? ምኑን ተኳሽ ሆነ ታዲያ!»

«ኧረ የክበቡ አንደኛ ነው» አለ ፉሪ፣ ቀልዱ ሳይገባው። «ከምሳ በፊት እወስደዋለሁ። በግድያ ከተከሰሰ በቃ፣ መውጫም የለው።»

ኖምፉንዶ ወደ ተኳሾቹ ጠረጴዛ ሄደች። ቀለሆቹ አልተበተኑም። ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው ጣውላ ላይ፣ አሥሩ በአንድ ረድፍ፣ አምስቱ በሌላ ረድፍ ተሰክተው ቆመዋል። ቀጥላ ከሟቹ እጅ የወጣውን ወረቀት ዘረጋችው። ሁለት ክብ አለበት። በግራው አሥር ቀዳዳ ወዲያና ወዲህ ተበትኗል፤ በቀኙ ግን መሃሉ ላይ አንድ የተቦጨቀ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ደጋግማ አየችውና ወደ ፉሪ መኪና ሄደች።

ሉቩዮ ጭንቅላቱን ወንበሩ ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። አልቅሷል፤ አልደበቀውምም።

«ሲሲ፣ እህቴ፣ መስደቤ እውነት ነው» አለ። «ባለፈው ሳምንት የክልሉ ቡድን ምርጫ ነበር። ለያንዳንዳችን ጠመንጃ የሚስማማውን ጥይት የሚመርጡልን ኦም ጊዲየን ናቸው። እሳቸው የመረጡልኝን አጎረስኩ። አንዷ ወደ ላይ፣ አንዷ ወደ ታች፤ ሁለቱ ጭራሽ እምቢ አሉ። መሳቂያ ሆንኩ። ቦታዬን የክበባችን አምበል ዌሰል ወሰደው።»

«ትናንትስ?»

«መጥቼ ‹አውቀህ ነው ቆሻሻ የሰጠኸኝ፤ ሁለተኛ ዓይንህን ማየት አልፈልግም› አልኳቸው። አንተ ብዬ ነው የሰደብኳቸው፣ ይገባሻል? ዕድሜ ልኬን አንቱ ያልኳቸውን ሰው።»

«ምን መለሱልህ?»

«አንዷን ጥይት ከእጄ ተቀብለው ጠርዟን አዩ፣ አዩና ‹ጠመንጃህን እዚህ ተወው› አሉኝ። ወርውሬላቸው ሄድኩ።»

ኖምፉንዶ ከሉቩዮ ቦርሳ የቀረውን ጥይት ከነፓኬቱ ይዛ ወደ ሟቹ ልጅ ወደ ተርቲያ ሄደች። ተርቲያ እንደ አባቷ ተኳሽ ናት፤ ዓይኗ አብጧል። የአባቷን መለኪያ አውጥታ አራት አምስት ጥይት ለካች።

«ይቺ ጠርዟ ወፍራም፣ ይቺ ቀጭን። ይሄ የአባዬ ምርጫ አይደለም፣ ልጆች ጣሳ የሚመቱበት ርካሽ ጥይት ነው። ፓኬቱ ግን የሱ ነው።»

«የጥይቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«አንዱ አባዬ ጋ። አንዱ አምበላችን ዌሰል ጋ።»

«እስቲ ይሄን ንገሪኝ» አለች ኖምፉንዶ ወረቀቱን እያሳየቻት። «በግራ እንዲህ የበተነ ሰው በቀኝ እንዴት እንዲህ ሰበሰበው?»

«ሰውየው ሳይሆን ጠመንጃው ነው። ጥይት ሲለወጥበት መጀመሪያ ይበትናል። የጥይቱ እርሳስ ሰም የተቀባ ነው፤ የድሮው ሰም ወጥቶ አፈሙዙ የአዲሱን ሰም እስኪለብስ አሥር ያህል መተኮስ አለብሽ። ከዚያ ይረጋል።»

«ቢወለወልስ?»

«ያው ነው፤ ባዶ አፈሙዝም ይበትናል። ለዚህ ነው ውድድር ሲደርስ አፈሙዝ የሚወለውል የሌለው። የወለወለ ለቡድኑ ቢራ ይጋብዛል፤ የዌሰል ሕግ ነው።»

ዌሰል ኮትዘ የከተማው ፋርማሲ ባለቤት ነው፤ አለባበሱ ንጹሕ፣ ንግግሩ የተቆጠበ።

«ማታ፣ በዛሬው ውድድር ዋዜማ፣ ሥጋ ስጠብስ ሁሉም አይቶኛል» አላት። «ተኩስ እንደሆነ ሲመሽም ይሰማ ነበር፤ የኦም ጊዲየን ልማድ ነው ብለን ተውነው።»

«ከእሳቱ ዳር አልተነሱም?»

«እንጨት ላመጣ ብድግ ብዬ ይሆናል። ተርቲያም ወጣ ብላለች። ጠመንጃዬን ከጠየቁኝ ከሐሙስ ጀምሮ ከቦርሳው አልወጣም፤ እኔም አልነካሁትም።»

«ጥሩ» አለች ኖምፉንዶ። «እንግዲያው ይውጣ።»

ሁሉንም ጠረጴዛው ዘንድ ሰበሰበቻቸው። ሉቩዮንም ከመኪናው አስወረደችው። ፉሪ ፊቱ ቀላ።

«ሰው ሞቶ ውድድር ልናደርግ ነው?»

«አምስት አምስት ጥይት ብቻ ነው፣ ሳጅን። እያንዳንዱ በራሱ ጠመንጃ፣ በለመደው ጥይት።»

ተርቲያ ተኮሰች፤ አምስቱም በጥፍር ይሸፈናሉ። ሉቩዮ ኦም ጊዲየን ከመረጡለት ከእውነተኛው ጥይት ተሰጥቶት ተኮሰ፤ እንዲያ አልቅሶ እንኳ አንድ ላይ ሰበሰበው። ዌሰል ተራው ሲደርስ ቀስ ብሎ ተኛ፣ ተነፈሰ፣ ቃታውን ሳበ። አንዷ ላይ፣ አንዷ ታች፣ አንዷ ግራ ዳር።

«ነፋሱ ነው» አለ።

ሁሉም የነፋስ ምልክቷን ጨርቅ ቀና ብለው አዩ። ቀጥ ብላ ተንጠልጥላለች።

«አሥራ አምስቱን የተኮሱት ኦም ጊዲየን ራሳቸው ናቸው» አለች ኖምፉንዶ፣ ጣውላውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጠች። «ቀለሆቹን እዚህ ሰክተው ከጨረሱ በኋላ ነው ዒላማቸውን ሊያመጡ የሄዱት። ስለዚህ እሳቸውን የገደለችው ጥይት ቀለህ እዚህ የለም፤ ገዳዩ ለቅሟታል። ሉቩዮ ቢሆን፣ አንዷን ለቅሞ የራሱ ምልክት ያለባቸውን አሥራ አምስት ትቶ ይሄዳል እንዴ?»

ፉሪ አገጩን አከከ።

«ምን ሊፈትኑ ነበር? የሉቩዮን ጠመንጃ፣ መጀመሪያ በመረጡለት ጥይት። አሥሩ ተበተኑ፤ ይህ አፈሙዙ ሌላ ጥይት ለብሶ እንደነበር ይናገራል። ሲረጋ አምስቱ በአንድ ቀዳዳ ገቡ። ጠመንጃውም ምርጫውም ደህና ነው። እንግዲህ ፓኬቱ ውስጥ ያለውን ሰው ለውጦታል። ቁልፉን ዌሰል ይዟል፤ ተርቲያም የአባቷን መውሰድ ትችላለች። የተርቲያ ጠመንጃ ግን ከመጀመሪያዋ ጥይት ጀምሮ ረጋ።» ወደ ዌሰል ዞረች። «እርስዎ የለመዱትን ጥይት ነው የተኮሱት፣ ከፓኬትዎ ሲያወጡ አይቻለሁ። ከሐሙስ ጀምሮ አልነካሁትም ብለዋል። ታዲያ አፈሙዙን ማን ወለወለው?»

«ለውድድሩ ብዬ… እኔ ነኝ የወለወልኩት።»

«ዌሰል» አለች ተርቲያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ቢራውን የምታስከፍለን አንተ ነህ እኮ።»

«ፖሊስ አፈሙዝ እንደሚያሸት ያውቁ ነበር» አለች ኖምፉንዶ። «ከጥርጣሬ ለመውጣት እዚህ አገር ተኳሽ የማያደርገውን አደረጉ።»

ዌሰል ጠመንጃውን በሁለት እጁ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ጥይቱን መለወጤን ኦም ጊዲየን ጠዋት በሰው ሁሉ ፊት ሊናገር ነበር» አለ። «ያንን ቦታ ስንት ዘመን ጠብቄዋለሁ። አንድ ቀን ብቻ ዝም በለኝ ብዬ ለመንኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ዒላማውን ሊያመጣ ሄደ።»

ፉሪ ለሉቩዮ ያዘጋጀውን ካቴና ዌሰል ላይ አሰረ። ይቅርታ የሚመስል ነገር አጉረመረመ፤ ሉቩዮ ግን አልሰማውም። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነበር።

«ይሄ የኔ ጠመንጃ ነው?» አለ የተቦጨቀውን ቀዳዳ እያየ።

«የአንተ ነው። ለአንተ ነበር የሚያመጡት» አለችው ኖምፉንዶ።

ሉቩዮ ወደ ተርቲያ ዞረ፤ ቀና ብሎ ሊያያት ግን አልደፈረም።

«ሁለተኛ ዓይንህን ማየት አልፈልግም ብያቸው ነበር።»

«ነግሮኛል» አለች ተርቲያ። «እራት ና ስለው ‹ልጁ እንዳኮረፈ አያድርም› ብሎ ነው እዚህ የቀረው።»