ሃያ አራቱ ሄንሪዎች

ኤድዊን ታክሬይ የሞተው ሐሙስ፣ የተገኘው ደግሞ ቅዳሜ ነው። በመካከሉ ዓርብን የሚያህል ቀን ሲያልፍ በሩን ያንኳኳ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። እኛ የዊትቢ ከተማ ሰዎች የጎረቤታችን ውሻ ሲያስል እንኳ እንሰማለን እያልን እንኩራራለን፤ ሽማግሌው ግን ከገዛ ደረጃው ሥር ሁለት ሌሊት ተጋድሞ አደረ። ያገኘችው የግድግዳ ተጋሪው ሚስስ ፖሊን ሄብደን ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የዓሣ ሾርባ ታመጣለት ነበር።

ሐኪሙ ጭንቅላቱ በኃይል መመታቱንና ከወደቀ በኋላም አንድ ሰዓት ያህል መተንፈሱን ተናገረ። ፖሊሶቹ «አረጀ፣ ወደቀ፣ ሞተ» ብለው ነገሩን ሊዘጉት ነበር። ኢንስፔክተር ሞሪን ጋርሳይድ ግን ጥርጣሬ እንደ ጥርስ ሕመም የሚነዘንዛት ሴት ናት። ፎቅ ወጥታ የሟቹን ክፍል ማየት ጀመረች።

ጠረጴዛው ላይ አንድ የእንጨት መሳቢያ ተቀምጧል። ሃያ አራት ክብ ጉድጓዶች አሉት፤ በየጉድጓዱ አንድ ስስ የብር ሳንቲም፣ ከየሳንቲሙ ሥር ደግሞ የሳንቲሙ ታሪክ በደቃቅ ጽሕፈት የሰፈረበት ክብ ወረቀት። ጋርሳይድ ሳንቲሞቹን አንድ በአንድ አነሳች። ከመሳቢያው ጥግ የደረጃው ምንጣፍ አረንጓዴ ክር ተጣብቋል። ከአስራ አንደኛው ሳንቲም ሥር ወረቀቱ ላይ የደረቀ ደም አለ። ከወደቀበት ያልተነሳ ሰው ደሙን ፎቅ ድረስ ሊያወጣው አይችልም።

በሩ አልተሰበረም፤ ቁልፍ የነበራቸው ሦስት ሰዎች ናቸው። ኢንስፔክተሯ ሦስቱንም በየቤታቸው ሄዳ አነጋገረቻቸው። ሚስስ ሄብደን ሐሙስ ዕለት ስካርብራ ከተማ እህቷ ዘንድ ነበረች። የወንድሙ ልጅ ኮሊን አጎቱን ከፋሲካ ወዲህ አላየውም፤ ምክንያቱን ሲጠየቅም አላፈረም፤ «ሳንቲሙን ማሳየት ሲጀምር እንቅልፌ ይመጣል» አለ። ሦስተኛው የሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር ጸሐፊ፣ ጡረታ የወጣው መምህር ሚስተር ዴዝመንድ ራድ ነው። ሐሙስ ሐሙስ የሚመጣው እሱ ብቻ ነበር። በዚያ ሐሙስ ግን ጉንፋን ይዞት ከቤቱ እንዳልወጣ ተናገረ።

«ሬዲዮው በግድግዳው በኩል ይሰማኛል» አለች ሚስስ ሄብደን። «ሳምንቱን ሙሉ ሬዲዮ ነው። ሐሙስ ብቻ ሳቅ እሰማለሁ። አንድ ቀን እኔም ልግባ እል ነበር፤ ሳልገባ ቀረሁ።»

ዮርክ ቤተ መዘክር የምትሠራ ባለሙያ መሳቢያውን አይታ ሳንቲሞቹ ሁሉ በትክክለኛ ቦታቸው እንዳሉ አረጋገጠች። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእንግሊዝ ንጉሥ ሁለተኛው ሄንሪ ሞቶ ልጆቹ ሪቻርድና ጆን ሲነግሡ ሳንቲሙ የአባታቸውን ስም እንደያዘ ቀጥሏል። ሃያ አራቱም ላይ የተጻፈው ሄንሪ ነው። የማን ዘመን እንደሆነ የሚለየው በምስሉ የጸጉር ጥቅልልና በዘውዱ ነጠብጣቦች ነው።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋርሳይድ ሦስቱን በሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው። መሳቢያውን አነሳችና ሳንቲሞቹን የጠረጴዛው ጨርቅ ላይ ዘረገፈቻቸው። ወረቀቶቹን በየቦታቸው ተወቻቸው።

«እስቲ ወደየቤታቸው መልሱልኝ» አለች።

ኮሊን ሁለቱን እንደመጣለት አስቀመጠና ተወው። ሚስስ ሄብደን መነጽሯን ጠርጋ እንደ ጥቁረታቸው ደረደረቻቸው። ራድ ግን የተዘረገፉትን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። የሁለቱን ስህተት አፍርሶ፣ እያንዳንዱን በጠርዙ እየያዘ፣ ወረቀቱን እያነበበና ጸጉራቸውን እየመረመረ ሁሉንም ቦታ ቦታቸው አስገባ። 

«ሚስተር ታክሬይ የወደቀው መሳቢያውን እንደያዘ ነው» አለች ጋርሳይድ። «ክሩም ደሙም ይህንን ይመሰክራሉ። ታዲያ አንድ ሰው ከደረጃው ላይ ወረቀቶቹንም ሳንቲሞቹንም ለቅሞ፣ ፎቅ ወጥቶ፣ አንድም ሳይሳሳት ሰድሯቸዋል። ሌባ ቢሆን ይዟቸው ይሄድ ነበር። ኮሊን ቢሆን እንደተበተኑ ይተዋቸው ነበር። ሚስስ ሄብደን ብትሆን፣ ሁላችንም እንዳየነው ነው። እነዚህ ሳንቲሞች መሬት ላይ ወድቀው አይቶ ማለፍ የማይችል፣ ለይቶም የሚያውቃቸው ቁልፍ ያዥ አንድ ብቻ ነው።»

 ቀጥላም ከመሳቢያው ጀርባ ያገኘችውን የታክሬይን ደብተር ገለጠች። ታክሬይ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ ከስብስቡ አንድ ሳንቲም እያወጣ «ይሄ የማን ይሆን? አልለየሁትም» እያለ ራድን ይጠይቀው ነበር። የየሳንቲሙ መልስ ግን ደብተሩ ውስጥ ከሐሙሱ ሁለት ቀን ቀድሞ፣ ማክሰኞ ሰፍሯል። ጋርሳይድ ከመካከሉ አንዱን አነበበች።

«ራድ ተራ ነው ብሎ በአሥር ፓውንድ ወሰደው። ሮቸስተር ከተማ የተመታ ነው፤ ብርቅ ነው። ይውሰደው። በሚመጣው ሐሙስም ይመጣል።»

ሚስስ ሄብደን እጇን አፏ ላይ አደረገች። ኮሊን መስኮቱን ተመለከተ። እንዲህ ያለ ብቸኝነት በአንድ ግድግዳ ማዶ ሲኖር አለማወቅ ያሳፍራል፤ ሁላችንንም ያሳፍራል።

ራድ በመጨረሻ አፉን ከፈተ። ሐሙስ ዕለት ለስንብት ነበር የመጣው፤ ሊገዛው የሚፈልገው ሳንቲም ስላለቀ ከእንግዲህ እንደማይመጣ ነገረው። ሽማግሌው መሳቢያውን ታቅፎ ከክፍሉ ቀድሞት ወጣና ደረጃው ጫፍ ላይ ቆመ።

«‹የወሰድከውን ሁሉ ዐውቃለሁ› አለኝ» አለ ራድ። «ሊያጋልጠኝ መሰለኝ። ገፋሁት።»

«ሌላስ ምንም አላለም?»

«ከወደቀ በኋላ አለ። ድምፁ ቀጭን ነበር። ‹ሁሉንም ውሰደው፤ ብቻ ሐሙስ ና› አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

ራድ እጆቹን አየ።

«ምንም። ሳንቲሞቹን እየለቀምኩ ነበር።»