አምስተኛው ወንበር

ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው። ለምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ ትረዱታላችሁ።

ከሰው የሰማሁት አይደለም... በራሴ ላይ የደረሰ ነው። የሚስቅ ይሳቅ።

ጥቅምት 1970 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። የሚያስፈራ ነገር በሌሊት ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ጣና ዳር ባለ አንድ ቢሮ የንግድ መዝገብ ጸሐፊ ነበርኩ። የሰው ስም ይሰጡኛል። ያ ሰው በየትኞቹ ኩባንያዎች ዳይሬክተር እንደነበረ ከካርዶቹ መሳቢያ ፈልጌ እጽፋለሁ።

ኩባንያዎቹ ከተወረሱ ቆይተዋል፤ ስሙ ግን ሰውን አልለቀቀም። በአንድ ኩባንያ ብቻ የተገኘ ሰው ተመክሮ ይፈታል። በሁለት የተገኘ ግን... "በዝባዥ" ተብሎ በመኪና ይወሰዳል። ተወስዶ የተመለሰ አላየሁም። ስለዚህ ጭንቀታም ሆኜ ነበር። ጀርባዋ በተሰበረው ወንበሬ ላይ አሥር ደቂቃ ረግቼ አልቀመጥም።

የዚያን ቀን ሰው ሁሉ ለምሳ ወጥቷል። ዘይነት በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። የጨርቅ ነጋዴው የሙሔ ልጅ ናት። አባቷ ቀበሌ ከታሰሩ ዘጠኝ ቀናቸው ነው።

"እትዬ ፅጌ... ስምንት ሰዓት ላይ ወረቀቱን እንፈልጋለን ብለዋል" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ስማቸውን እስከ አያት ንገሪኝ።"

"ሙሔ ዓሊ ሙሀመድዘይን።"

መሳቢያውን ሳብኩ። ሙሔ ዓሊ ብዙ ነው፤ እስከ አያት የሚገጥመው ግን አንድ ካርድ ብቻ። የጨርቅ ኩባንያቸው።

"አይዞሽ፣ አንድ ብቻ ነው" አልኳት። ፊቷ በራ።

መሳቢያውን ልዘጋ ስል... ከኋላ ሌላ ካርድ ነካሁ።

እርጥብ ነው።

"ሙሔ ዓሊ ሙሀመድዘይን። ዳይሬክተር። የደቅ ጀልባ ኩባንያ።"

"አባትሽ ጀልባ ነበራቸው?"

"ኧረ እሱ ውኃ ይፈራል። ታንኳ ላይ እንኳ ወጥቶ አያውቅም።"

ካርዱን ይዤ ወደ ጓዳ ሄድኩ። ጋሽ ገብረ ኪዳን፣ የመዝገብ ቤቱ አንጋፋ ሠራተኛ፣ ምሳቸውን እዚያ ነው የሚበሉት። ካርዱን ሲያዩ እጃቸው ሰሃኑ ላይ ቀረ።

"ይሄን ማን አወጣው?"

"መሳቢያው ውስጥ አገኘሁት። ምንድን ነው?"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ይሄ ኩባንያ አምስት ዳይሬክተሮች ነበሩት። አራቱ ወደ ደቅ ደሴት ሲሻገሩ ሐይቁ ውስጥ ሰመጡ። አምስተኛው የዚያን ቀን ከቤቱ ቀረ። በዓመቱ ግን እሱም ሞተ... ከዚያ ወዲህ አምስተኛው ካርድ ላይ በየጊዜው ሌላ ስም ይወጣል። ስሙ የወጣ ሰው ዓመቱን አይጨርስም። ማን እንደሚጽፈው አላወቅሁም።"

"ብቀደውስ?"

ሰሃናቸውን ወደ ጎን ገፉ።

"አንድ የቀደደ ልጅ ነበር" አሉኝ። "ካንቺ በፊት... እዚያችው ወንበር ላይ የሚቀመጥ። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም።"

ፈራሁ። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ በጣም ፈራሁ። ግን ዘይነት በሩ ላይ ቆማ ትታየኛለች። ሰዓቱ ለስምንት ሩብ ጉዳይ ነው።

ካርዱን ቀዳደድኩና በመስኮት ወደ ሐይቁ በተንኩት። "በአንድ ኩባንያ ብቻ" ብዬ ጽፌ ማኅተም መታሁበት።

አባቷ በዚያው ቀን ተፈቱ።

በማግስቱ፣ ልክ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ሊያመሰግኑኝ መጡ። ከስተዋል። መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ነበር።

"አላህ ይስጥሽ ልጄ" አሉኝ። "ዘጠኝ ሌሊት ሙሉ አራት ሰዎች ጀልባ ላይ ሆነው በሕልሜ ሲጠሩኝ ነበር። ትናንት ግን ፊታቸውን አዞሩልኝ።"

"ወዴት አዞሩ?"

ከትከሻዬ በላይ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ነበር የሚያዩት።

ዞር አልኩ።

ሐይቁ ላይ ጀልባ አለ። አራት ሰዎች ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። የሚቀዝፍ የለም፣ የሞተር ድምፅ የለም... ግን ወደ እኛ ይመጣል። በመካከላቸው ባዶ ወንበር አለ።

ጀርባው የተሰበረ ወንበር።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመለከትኩ። ወንበሬ የለችም። ወለሉ ላይ አራት እርጥብ የእግሮቿ ምልክቶች ብቻ።

ዕቃዬን እንኳ ሳልሰበስብ በዚያው ቀን ከባሕር ዳር ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሐይቅ ያለበት ከተማ አድሬ አላውቅም። አግብቻለሁ፣ ወልጃለሁ፣ አርጅቻለሁ። ዘይነትም በየበዓሉ ትደውልልኛለች፤ አባቷ ዘጠና ዓመት ኖረው አልጋቸው ላይ ነው የሞቱት። ያደረግሁት አይቆጨኝም።

ቤቴ ውስጥ ያሉኝ ወንበሮች አራት ናቸው።

ዛሬ ሰባት ሰዓት ላይ ከኩሽና ስወጣ ቆጠርኳቸው... ደግሜ ቆጠርኳቸው።

አምስት ናቸው።

የአንዱ ጀርባ ተሰብሯል። ከሥሩ ውኃ ጠብ... ጠብ... ይላል።