ቀድማ የምትቀምሰው

ሟች አልጋው ላይ እንደተጋደመ ነው፤ ራስጌው ባዶ ብርጭቆ ተቀምጧል። የሰፈሩ ሰው ነገሩን አስቀድሞ ጨርሶታል፤ «እብድ ነበር፣ ራሱን አጠፋ» ብሎ። መርማሪዋ ግን የአእምሮ ሕመምተኛ ስለሆነ ብቻ የሰው አሟሟት ሳይጠየቅ ሲቀር ደሟ ይፈላል።

ወረርሽኙ ሲገባ ሟች ተኝቶ ይታከምበት የነበረው የሆስፒታል ክፍል ለትኩሳት በሽተኞች ተለቀቀና እህቱ ቤት ተላከ። እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ አውቶቡሱ የቆመበት ሾፌር።

«ማን አጠጣው?» ስትል መርማሪዋ ጠየቀች።

«እኔ ነኝ» አለች እህት። «ጭማቂው ወጥ ቤት ነበር፣ ቀድቼ ወሰድኩለት። ማስኬን አውልቄ ካልቀመስኩለት ‹መርዝ ነው› ይላል። ስውጥ ጉሮሮዬን ያያል። ‹ትንፋሽ አትጋሪ› ያላለኝ የለም፤ ታዲያ በጥም ይሙትብኝ?»

ባልየው ቀጠለ። «እብድ ቢጨምት እስከ እኩለ ቀን ነው። ያለ ማስክ መንገድ ለመንገድ ይዞራል። እሷም አሳዘነችኝ፤ ስፌቷ ላይ እንቅልፍ ይጥላትና ልብስ ታቃጥላለች ብዬ ካውያውን ቀድሜ አነሳሁላት።»

መድኃኒት የምታመጣለት ነርስ ከአጥር ውጭ ቆማ መለሰች፤ በሽታውን ፈርታ ወደ ውስጥ ገብታ አታውቅም። «ለሟች የድሮ መድኃኒቱን አቀበልኩ። ባልየው እንቅልፍ እምቢ አለኝ ስላለኝ ለእሱም ክኒን ሰጥቻለሁ። ከሟች መድኃኒት ጋር ከተቀላቀለ ትንፋሽ እንደሚያቆም ነግሬዋለሁ።»

መርማሪዋ ወደ ስፌት መኪናው ሄዳ ያላለቀውን የጨርቅ ማስክ አነሳች። ከዚያ ባልና ሚስቱን ጠርታ፣ መስኮቱን አስከፍታ፣ አራርቃ አስቀመጠቻቸው።

«ያጠጣችው እሷ ስለሆነች ጣት ሁሉ ወደ እሷ ነው። እስቲ ስፌቷን እዩ። እስከ መሀል ቀጥ ብሎ መጥቶ ከዚያ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ። ጭማቂው ውስጥ ያለውን የምታውቅ ሴት አስመስላ ትተወዋለች እንጂ አትውጠውም። እሷ ከልቧ ቀመሰች፣ እንቅልፉ እሷንም ጣላት። ነርሷ ደግሞ አጥሩን አላለፈችም።»

ወደ ባልየው ዞረች። «ሚስትዎ ከዚህ በፊት ስፌት ላይ ተኝታ ታውቃለች?»

«ኧረ በጭራሽ» አለች ሚስት፣ በእሱ ፈንታ።

«ታዲያ ዛሬ እንደምትተኛ በምን አውቀው ካውያውን ቀድመው አነሱ?»

ሰውየው ማስኩን ነካካ። ድምፁ ሲወጣ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ክኒኑን ስጨምር እንዲተኛ ብቻ ነው የፈለግኩት። በሽታ ይዞብን እንዳይገባ።»

«ትንፋሹን እንደሚያቆም ተነግሮዎት ነበር።»

እህት ባሏን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምታየው ሰው አየችው። የሰፈሩ ሁሉ በወንድሟ ሲሳለቅ ከጎኗ የነበረው እሱ ብቻ መስሏት ነበር።

«ዛሬም ‹መርዝ ነው› ብሎኝ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «እውነቱን ነበር። ዓይኑ እያየ ዋጥኩና ‹አይደለም ወንድሜ፣ ጠጣ› አልኩት። እኔን አምኖ ጠጣ። በእኔ አፍ ነው የገደልከው።»