የእናቴን የክርስትና ስም የነገረኝ ማን ነው?

እኔ እንኳን መንፈስ ህልምም የማላምን ሰው ነኝ፣ ሌሊት ኮቴ ሰማሁ የሚለኝን «አይጥ ነው» ብዬ የምስቅበት፣ ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ አበደች እንዳትሉኝ።

ቡታጅራ ነው የምኖረው፣ ታሪክ እየተረክሁ ዩቲዩብ ላይ እጭናለሁ። እናቴ ብርነሽ ካረፈች ወር አልፏት ነበር፣ እኔን ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ፤ የክርስትና ስሟን የሚያውቅ ጠፋ። የክርስትና እናቷ ከሞቱ ቆይተዋል፣ ጥያ ያለችው አክስቴም «እኛ ብርነሽ ብለን ነው የምናውቃት» አለች፣ በቀብሯ ዕለት መምሬ ሲጠይቁኝ «አላውቅም» አልኳቸው። «በሉ ለአርባዋ አጣርታችሁ አምጡ፣ ፍትሐት በስም ነው» አሉኝ።

አርባዋ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ የውጭ ድምፅ እንዳይገባ መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፍኜ ስለ አንዲት የቻይና ንጉሥ ቁባት ልቀዳ ተቀመጥኩ። በልጅነቷ ቤተ መንግሥት ገባች፣ የአባቷን ደጅ ዳግም አላየችም፣ ስትሞት በሐር ጠቅልለው በክብር ቀበሯት፣ መቃብሯ ላይ የተጻፈው ግን ማዕረጓና «ሀን» የሚለው የቤተሰቧ ስም ብቻ ነው። «የገዛ ስሟን የመዘገበ የለም» የሚለው ጋ ስደርስ እናቴ ትዝ አለችኝና ዝም አልኩ፣ እንባዬም መጣ።

መልሼ ሳዳምጠው፣ እመኑኝ፣ ዝም ያልኩበት ቦታ ላይ ረጅም ቀሚስ ወለል ላይ ሲጎተት ይሰማል፣ ከዚያ ትንፋሽ፣ ከዚያ አንዲት ሴት ቀስ ብላ «ሐና» ትላለች። የኔ ድምፅ አይደለም፣ የእናቴ ነው ለማለትም አልደፍርም፣ በሩ ተቆልፏል፣ ግቢው ውስጥ ሰው የለም። አሥር ጊዜ ደጋገምኩት፣ ያው ነው።

ደስታ ይሁን ፍርሃት ሳይገባኝ ወደ መምሬ ሮጥኩ።

«ማን ነገረሽ ልጄ?»

«ራሷ» አልኳቸው።

ትንሽ አዩኝና ወረቀታቸው ላይ ጻፉት። በአርባዋ ዕለት በሐና ስም ፍትሐት ተደረገላት፣ እኔም እፎይ አልኩ።

ትረካውን ያቺን ድምፅ ሳልቆርጥ ጫንኩት፣ መቁረጡ እናቴን መቁረጥ መሰለኛ። በማግስቱ ቻይና ተምሬያለሁ የሚል አድማጭ ጻፈልኝ፦ «እህቴ፣ እነሱ የቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ፤ ትረካው ላይ 'ሐና' የሚለው 'ሀን ና' ነው። ሀን የቤተሰቧ ከሆነ፣ የራሷ ስም 'ና' ነው ማለት ነው። ማንም ያልመዘገበውን ከየት አገኘሽው?»

ያን ቀን ፍትሐት የተደረገላት እናቴ ከሆነች ተመስገን፣ ያቺ ቁባት ከሆነች ግን እናቴ አሁንም ስሟን የሚጠራላት አጥታ ቆማለች።

ትናንት መምሬ ስለ ሰማንያዋ ሊነጋገሩ ቤት መጡ። «ስሟ ያው ሐና ነው አይደል?» አሉኝ። ልመልስላቸው ስል ከኋላዬ ያ ቀሚስ ወለሉ ላይ ሲጎተት ሰማሁት።