አፊያ ያለችው ልጅ

የአራት ዓመቷ ጊታ ፌዝ ከተማ አባቷ ቤት ስትሞት ገላዋ ገና እንጆሪ እንጆሪ ይሸት ነበር። ሬሳው ሳይነሳ ፖሊስ ያስጠሩት አያቷ እማማ ከልቱም ናቸው።

«ያቺ ሶርያዊት መርዝ አብልታ ገደለችብኝ! ካልታሰረች እህል አልቀምስም!»

ሶርያዊት ያሏት የልጃቸውን አዲስ ሚስት ራሃፍን ነው። ከሶርያዋ ከተማ ከሐለብ ተድራ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ።

መርማሪዋ ታሙ በሦስተኛው ቀን የሐኪሙን ወረቀት ይዛ መጣች። መርዝ የለም። የልጅቷ ኩላሊቶች ግን መግል ቋጥረዋል። ታሙ ማንንም ሳታናግር መታጠቢያ ቤት ገባች። አረፋ የሚያወጣ የእንጆሪ ሳሙና አየች፤ ሦስቱ ጠርሙስ ባዶ፣ አራተኛው ተጋምሷል።

«ማነው የገዛው?»

«እኔ ነኝ» አለ አባትየው አብዱልኢላህ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። «አረፋ ትወዳለች ብዬ።»

«በሁለት ወር ይሄ ሁሉ?»

«ሽንት ሽንት ትሸት ነበር» አለች ራሃፍ። «የእንጀራ እናቷ አቆሸሸቻት እንዳልባል ጠዋት ማታ እዘፈዝፋት ነበር።»

«ስትሸና ታለቅስ ነበር?»

«እግሯን አጣምራ ትይዘው ነበር። ኋላ አተኮሳት። ምን ሆነሻል ስላት ግን ደህና ነኝ ትለኛለች።»

«ለኔም ራሃፍ በስልክ ደህና ናት ነው ያለችኝ» አለ ባልየው።

«ተይ፣ ልጅቷ ራሷ ያለችውን ቃል ንገሪኝ» አለቻት ታሙ ራሃፍን።

«‹አፊያ› ነዋ! ‹አፊያ፣ አፊያ› ነው የምትለው።»

ታሙ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«እማማ ከልቱም፣ እዚህ ፌዝ እሳትን ምን እንለዋለን?»

«አፊያ ነዋ። እሳትን በስሙ አይጠሩትም፣ ይሰማል...» አሮጊቷ አፋቸውን ያዙ።

«አፊያማ ጤና ነው» አለች ራሃፍ። «በእኛ አገር አረብኛ ጤና ነው...»

«ሳሙናው ገላዋን አቃጠላት» አለች ታሙ። «ሲያቃጥላት ሽንቷን ያዘች። የተያዘው ሽንት አመረቀዘ፣ ሸተተ። ሲሸት ሳሙናው ተጨመረ። በሽታው ኩላሊቷ ደረሰ። ልጅቷ እሳት እሳት እያለች ተናግራለች፤ ቋንቋዋን የሚሰማት ነው ያጣችው። አባት መንገድ ላይ ነው። እርስዎስ፣ እማማ? አንዴ ቢሰሙት በቂ ነበር።»

«መክነስ ከተማ፣ ሴት ልጄ ጋ ነበርኩ» አሉ። «ከዚህች እጅ አልበላም ብዬ ነው የሄድኩት።»

«እንግዲህ የማስረው ሰው የለኝም።»

«እኔን እሰሪኝ» አለች ራሃፍ። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞረች። «እማማ፣ ሌላም ቃል ነበራት። አረፋው ውስጥ ሆና አንገቴን ታንቅና ‹ከንብጊክ› ትለኛለች። ጨምሪልኝ ያለች እየመሰለኝ ሳሙናውን እጨምርላት ነበር። እሱስ ምን ማለት ነው?»

ታሙ ልትመልስላት ብላ ተወችው። እማማ ከልቱም ከሠርጉ ወዲህ ለዚህች ሴት አንድ ቃል ተንፍሰውላት አያውቁም። ከመቀመጫቸው ወርደው ወለሉ ላይ አጠገቧ ተቀመጡ።

«እወድሻለሁ ማለት ነው፣ ልጄ» አሏት።